ከጅማ ወደ ኮምቦልቻ፦ የወር አስቤዛ ምን ያህል ይለያያል?

ተዛዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤት ዝውውር ምክንያት ከሚመጣው ወር ጀምሮ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ ኮምቦልቻ ልገባ ነው። ደመወዜ ባለበት ስለሚቀጥል፣ የሚያሳስበኝ ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ አስቤዛው ነው። ጅማ ቡናን እንደ ወጪ ቆጥረነው አናውቅም፤ አቮካዶም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት ግቢ ነው የሚመጣልን። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከሚያወጣው የዋጋ ኢንዴክስ ላይ የኦሮሚያንና የአማራን ክልል ቁጥር አስተያይቼ በጀት ለመያዝ ሞክሬ ነበር፤ መንገዱ ትክክል ስለመሆኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጤፍስ ከዚሁ ጭኜ ብመጣ ይሻላል ወይስ እዚያው ልግዛ?

ቁጥር ወዳድ

ወንድሜ፣ ኢንዴክሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥዎትም። የእያንዳንዱ ክልል ቁጥር የሚነሣው ከራሱ የመነሻ ዘመን 100 ስለሆነ፣ የሚነግረን በዚያ ክልል ዋጋ ከመነሻው ምን ያህል እንደጨመረ እንጂ የቱ ክልል ውድ እንደሆነ አይደለም። ለምሳሌ የአንዱ ክልል 300፣ የሌላው 250 ቢሆን፣ 250 የሆነው ሲጀመርም ውድ የነበረ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ክልል ሰፊ ነው፤ ኮምቦልቻና ጎጃም በአንድ ቁጥር ቢጠሩም አንድ ገበያ አይደሉም። የሚሻለው ቤተሰብዎ በወር የሚጨርሰውን በኪሎና በሊትር ጽፎ፣ እዚህ ያለ ሰው በየዕቃው ዋጋ እንዲሞላልዎት ማድረግ ነው።

የኮምቦልቻ ባለሱቅ

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ በሚሌና በባቲ አድርጎ በሱቄ ፊት ለፊት እያለፈ፣ የውጭ ዘይት እዚህ ለምን አይረክስም ይሉኛል። መኪናው በደጄ ቢያልፍም ደረሰኙ የሚቆረጠው አዲስ አበባ ነው። እኔ ዘይቱን የምረከበው ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ ስለሆነ፣ የተመለሰበትን ወደ 380 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጭነት ዋጋ ጨምሬ ነው የምሸጥልዎት። ስለዚህ በዘይት፣ በፓስታና በሳሙና ከጅማ ብዙም የሚለይ ነገር አይጠብቁ። በቅርበት የምንጠቀመው በጨው ነው፤ አፍዴራ ጎረቤታችን ነው። ግን አራት ሰው በወር ምን ያህል ጨው ይበላል?

ቡናው ግን ያሳስብዎት። ከጅማ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ዞሮ እዚህ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በየመሐሉም ነጋዴ አለበት። ሲመጡ ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ይያዙ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ኬላ ላይ ፈቃድ ሊጠየቁ ይችላሉ።

እናት ከደሴ

እንኳን በደኅና ወደ ወሎ መጡ። ጤፍ ጭነው አይልፉ፤ ከጃማና ከወረኢሉ የሚወጣው ጤፍ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ምስርም ከደላንታ ይወርዳል። ኪስዎን ይበልጥ የሚነካው የሚገዙበት ጊዜና የሚገዙበት መስፈሪያ ነው። ጤፍ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ አውድማው ሲራገፍ፣ ከክረምቱ ይልቅ ስለሚቀል፣ የቻለ ሰው ያኔ በኩንታል ይይዛል። ሽንኩርትና ቲማቲም የቆቦ መስኖ ሲደርስ ይረክሳሉ፤ ያ ሲያልቅ ከሩቅ ስለሚመጡ ይሰቀላሉ።

መስፈሪያውን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሣ። ባለፈው ወር ሰኞ ገበያ ከሁለት ሴቶች አንድ አንድ ጣሳ ምስር ገዛሁ፤ የጠየቁት ዋጋ አንድ ነበር። የመጀመሪያዋ ጣሳውን ነቅነቅ አድርጋ ከሞላች በኋላ ከላይ ቆልላ፣ በእፍኝ ምርቃት ጨመረችልኝ። ሁለተኛዋ ጠርዙን በመዳፏ አስተካክላ ገለበጠችው፤ ጣሳዋም ከታች ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ ነበር። ቤት ገብቼ ብመዝናቸው ልዩነታቸው ከ100 ግራም በላይ ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው «እዚያ ከተማ ምስር በዚህ ያህል ይሸጣል» ሲልዎ፣ በኪሎ ነው ወይስ በጣሳ፣ የተቆለለ ነው ወይስ የተላገ ብለው ይጠይቁ። ድንችና ቲማቲም በመደብ ሲሸጡማ ማነጻጸሩ ከዚህም ይብሳል፤ ዋጋው ሳይነካ መደቡ ብቻ ያንሳል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም አየሩ ሌላ ነው። እኔ ቤት ሳምንት የሚከርም ቲማቲም ልጄ ቤት ኮምቦልቻ በሦስተኛው ቀን ይላሽቃል፤ የሚጣለውም ከአስቤዛ ወጪ ይቆጠራል። እኛም በፈንታችን በከሰል እንከፍላለን፤ ደሴ ደጋ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባቄላ ንፍሮም አይበስልም ብሎ ያስመርራል።

ተዛዋሪ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጤፍ መጫኑን ትቻለሁ። የምንጨርሰውንም በኪሎ ጻፍሁት፦ ጤፍ 40፣ ሽሮ 4፣ ምስር 3፣ ሽንኩርት 12፣ ቡና 3፣ ዘይት 5 ሊትር። ሥጋን በተመለከተ ግን፣ ፍየል ከባቲ ገዝቶ መጋራት ያዋጣል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የኮምቦልቻ ባለሱቅ

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሰኞ ሥራ ላይ ነዎት። አንድ ፍየል ለመግዛት ፈቃድ ጠይቀው፣ የሰውና የፍየል መጓጓዣ ከፍለው፣ ከደላላ ጋር ተከራክረው ሲመለሱ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። አራት አባወራ ሆነው አንድ ሰው ከላኩ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ሽሮውን በተመለከተ፣ 4 ኪሎ ለጾም ወር አይበቃችሁም፤ 6 አድርገው ይያዙት።