አራተኛ ክፍል ደርሶ አያነብም፤ እናቱ ደግሞ ደብረ ብርሃን የግል ትምህርት ቤት አስገቢልኝ ትላለች

የሞላሌ ልጅ (ሪያድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለሰሜን ሸዋ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። የወንድሜ ልጅ መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ አራተኛ ክፍል ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ መጽሐፍህን አምጣና አንብብልኝ አልኩት። ልጁ አንበለበለው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጣቱን አየሁት። አፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሷል፣ ጣቱ ገና ከርዕሱ አልወረደም። ለካ በቃሉ ይዞት ነው! መሃል ላይ ያለች አንዲት ቃል አሳይቼ ይቺ ምን ትላለች ብለው ዝም።

እናቱ ክፍሉ ተጨናንቋል፣ አስተማሪው አይደርስለትም አለችኝ። መፍትሔው ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ የግል ትምህርት ቤት ማስገባት ነው አለች። ክፍያውንም ኪራዩንም አንቺ ቻይው ነው ነገሩ። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ እናቴንም የምጦረው እኔ ነኝ። ልጁን ደግሞ እወደዋለሁ። የግል ስለገባ ያነባል ወይ? ልላክ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? እዚህ ውስጥ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ቆላ ወራጁ (ዱባይ)፦
እህቴ፣ አትላኪ። ልጁ ሰበብ ነው፣ የተፈለገው ከተማ መግባት ነው። እኔ ለአጎቴ ልጅ ትምህርት ብዬ የላክሁት ባጃጅ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።

ጡረተኛው መምህር (ሚኒያፖሊስ)፦
የሞላሌ ልጅ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። አንድ ገጽ ሙሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ጭንቅላቱ ይሠራል። ያልያዘው ፊደሉን ነው።

እኔ መንዝ ውስጥ ሳስተምርም ይኸው ነበር። ገበታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ መምህሩ በዱላ ይጠቁማል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሀ ሁ ሂ ይላል። ልጁ የሚይዘው ዜማውን ነው። ቅደም ተከተሉን አፍርሰሽ «ሙ የቷ ናት?» ብትይው ከመ ተነሥቶ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እንደ ቧ ያሉትን ዲቃላዎች ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ ለየብቻው ሸምድድ ማለት ግፍ ነው። መላ ግን አለው። ካዕቡ (ሁለተኛው) ወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል፣ ሣልሱ (ሦስተኛው) እግሩ ሥር፣ ኃምሱ (አምስተኛው) እዚያው ሥር ቀለበት ያደርጋል። ቡ ቢ ቤ፣ ኩ ኪ ኬ። ይህን ያስተዋለ ልጅ ብዙውን በራሱ ይደርስበታል። ፈተናው ሳድስ (ስድስተኛው) ላይ ነው። ብ፣ ል፣ ት፣ ን፣ ር የየራሳቸው መልክ አላቸው፣ በጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እነሱ ናቸው የሚበዙት። ስለዚህ ጊዜው እዚያ ላይ ይጥፋ።

ከሚያውቀው ቃል ይጀመር። በግ። ቤት። ላም። ገብስ። ካርቶን ይቆረጥና ፊደል ይጻፍበት፣ ይደባለቅ፣ ልጁ ቃል ይሥራ። «በር» ካለ በኋላ አንድ ፊደል ቀይራችሁ «በሬ»፣ ከዚያ «በራ»፣ ከዚያ «በሩ»። ያኔ ማየት ይጀምራል እንጂ መዝፈን አይደለም። ያነበበውን ደግሞ መጽሐፉን ዘግቶ ይጻፈው። የቃል ጽሕፈት በእኛ ጊዜ የዕለት ሥራ ነበር፤ አሁን ብዙ ቦታ ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻ ሆኗል። ልጁ ሳያነብ ይስለዋል፣ መምህሩ ራይት ያደርግለታል፣ አለቀ።

መናገርንም አትናቁ። ገበያ ውሎ ያየውን ይተርክ፣ እንቆቅልህ ይጫወት። የተናገረውን ሌላ ሰው ይጻፍለትና ራሱ ያንብበው፤ የራሱ ወሬ ስለሆነ ይጓጓል። ይህንንም በቃሉ እንዳይለው ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጣችሁ አደባልቁበት።

ሥርዓቱንም እወቂው። በ1986ቱ ፖሊሲ ልጅ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳይደግም ያልፍ ነበር። መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የቀረውን እንዲደግፍ ነበር የታሰበው፣ በተጨናነቀ ክፍል ግን ማን ማንን ይደግፋል? 2015 ላይ አዲሱ ፖሊሲ መጣ፣ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ሆነ፣ 6ኛ ላይ ደግሞ ክልላዊ ፈተና አለ። ያንቺ ልጅ ጊዜ አለው፣ ግን ብዙ አይደለም። ለመሆኑ ዓይኑን አሳይታዋለች?

የሞላሌ ልጅ (ሪያድ)፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓይኑን አላሰብኩትም፣ ዛሬውኑ እጠይቃታለሁ። ግን ካርቶኑን ማን ይቁረጥለት? እናቱ አታነብም። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነው።

ብርዱ ናፈቀኝ (ቶሮንቶ)፦
የእኔ ልጆች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይማራሉ፣ ያነባሉም። ግን ያነበቡትን አያውቁትም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም አይደል? «ገና» የሚለውን በዓሉም ይሁን ሌላው በአንድ ዓይነት ድምፅ ይሉታል። የሞላሌው ልጅ ቋንቋው አፉ ላይ ነው፣ ፊደሉ ብቻ ነው የቀረው። በእኔ ቤት የቀረው ቋንቋው ነው፣ እሱ ይብሳል። እናቴ ስትደውል ልጆቼ ደህና ነኝ ብለው ስልኩን ለእኔ ይሰጡኛል። አንዳንዴ ብድግ ብዬ ደብረ ብርሃን ልግባ ያሰኛል፣ ጠዋት ያን አጥንት የሚሰብር ብርድ በጋቢ ተሸፍኖ፣ በሶ እየጠጡ። እዚህም ብርድ አለ፣ ግን ምን ያደርጋል።

ቆላ ወራጁ (ዱባይ)፦
እኛ ስለ ሞላሌ ልጅ እያወራን አንቺ በሶ ገባሽ። ለማንኛውም መምህር ዘመናዊውን ትምህርት ብቻ ነው የሚያውቁት መሰለኝ። አባቴ የኔታ ዘንድ ገብተው በስንደዶ እየተጠቆመላቸው ሀሁ ቆጠሩ፣ አቡጊዳ ቀጠሉ፣ መልእክተ ዮሐንስ አነበቡ፣ ዳዊት ደገሙ። እስኪሞቱ መነጽር ሳያደርጉ ያነቡ ነበር። ያ በቃል መያዝ የሚሉት ነገር እኮ ነው ሰው ያደረጋቸው።

ጡረተኛው መምህር (ሚኒያፖሊስ)፦
ወንድሜ፣ እኔም የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርኩት። አቡጊዳን ለምን ያስቆጥሩን እንደነበር ታውቃለህ? ቅደም ተከተሉን ለማፍረስ ነው። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይጋለጣል። ከዚያ ደግሞ ግዕዝ ንባብ አለ፣ ፊደል በፊደል እየነጠልክ፣ የኔታ ጎንህ ቁጭ ብለው። አንድ መምህር፣ አንድ ልጅ። ያን አምጥተህ የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ በጋራ ጩኸት ስታደርገው ዜማው ብቻ ይቀራል። የኔታን አልነቀፍኩም።

አሥር አለቃ (ሲያትል)፦
ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። ይህ ልጅ ስንት ቀን ተማረ? ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል ይዘጋል። የማስተማሪያ ዘዴ ትላላችሁ! በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ምን ዘዴ አለው? ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል፣ እሱም

አወያይ፦
አሥር አለቃ፣ የቀረውን ቆርጬዋለሁ። ፖለቲካ እዚህ አይገባም ብለናል።

አሥር አለቃ (ሲያትል)፦
ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት ፖለቲካ ከሆነ ሁሉንም ቁረጠው።

ብርዱ ናፈቀኝ (ቶሮንቶ)፦
የእህታችንን ጥያቄ መልሱላት እንጂ። የግል ትምህርት ቤትን በተመለከተ የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ይማራል። ክፍሉ ቀለል ይላል፣ እውነት ነው። ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚኩራሩት። ልጁ አፕል፣ ቦል እያለ አማርኛውን ይንተባተባል። ወላጅም የሚከፍለው ለዚያ ነው።

ቆላ ወራጁ (ዱባይ)፦
እንግሊዝኛ ቢማርስ ምን አለበት? ከ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው፣ ፈተናው በምን ቋንቋ ነው? በእንግሊዝኛ። አማርኛ ብቻ ያነበበ የት ይደርሳል?

ጡረተኛው መምህር (ሚኒያፖሊስ)፦
በእናቱ ቋንቋ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በሁለተኛው ቋንቋ በምን ተአምር ያነባል? ማንበብ አንዴ ከተያዘ ወደ ሌላው ቋንቋ ይሻገራል። ፊደሉ ቢለያይም ድምፅን ከምልክት ማገናኘት ያው ነው።

ቆላ ወራጁ (ዱባይ)፦
መምህር፣ ከይቅርታ ጋር፣ የእርስዎ ልጆች አሜሪካ በምን ቋንቋ ነው ማንበብ የጀመሩት?

ጡረተኛው መምህር (ሚኒያፖሊስ)፦
በእንግሊዝኛ። እቤታቸው ውስጥም የሚናገሩት እሱን ስለነበር። ይኸውልህ፣ የእኔን ነጥብ አንተ አመጣኸው።

የሞላሌ ልጅ (ሪያድ)፦
ዓይኑን ጤና ጣቢያ አሳይታዋለች፣ ምንም የለበትም። ጎረቤት ስምንተኛ ክፍል ያለች ጎበዝ ልጅ አለች፣ ማታ ማታ እንድታስጠናው ለደብተርና ለሳሙና የሚሆናትን እልክላታለሁ ብያለሁ። የካርቶኑንም ነገር መምህር የጻፉትን ድምፄን ቀድቼ ልኬላታለሁ። የወንድሜ ሚስት ግን ተቀይማለች። «ለጎረቤት ልጅ ነው ለእኛ?» አለችኝ። የደብረ ብርሃኑን ነገር እሺም እንቢም አላልኩም። ኪራይ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ፣ እሷ የምትለኝን ማመን አቅቶኛል።

አሥር አለቃ (ሲያትል)፦
ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የምትልኪው በብር ሲታይ ይበዛል፣ ኪራዩም አብሮ ወጥቷል። ተፈናቃዩም ከተማው ውስጥ ብዙ ነው። እሷ ዋሸች አልልም።

ቆላ ወራጁ (ዱባይ)፦
አልኩ አይደል፣ ባጃጅ ነው የሚሆነው።

ብርዱ ናፈቀኝ (ቶሮንቶ)፦
አንተ ደግሞ ባጃጅህን ተወን! ሁሉም ሰው የአጎትህ ልጅ አይደለም። መምህር፣ ያን የካርቶን ነገር ለእኔም ልጆች ይሆናል? እነሱ ቃሉን ራሱን አያውቁትም እኮ።