የክርክር ክበብ ተሰጥቶኛል፤ ተማሪዎቼ ግን ድርሰት ያነባሉ እንጂ አይከራከሩም

ጠያቂ፦ የአማርኛ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከሚኒ ሚዲያው በተጨማሪ የክርክር ክበብ እንዳቋቁም ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ 34 ተማሪዎች ተመዝግበዋል፤ የምንገናኘውም በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ክርክር አካሄድን። ርዕሱ እኛም ተማሪ ሳለን የተከራከርንበት «ዕውቀት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ?» የሚለው ነበር። ስድስቱም ተከራካሪዎች ሁለት ሁለት ገጽ ጽፈው መጡ፤ «ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች» ብለው ጀመሩ፤ ዐይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ አነበቡ፤ ተጨበጨበላቸውና ተቀመጡ። በገንዘብ ወገን የመጨረሻዋ ተናጋሪ የነበረችው ልጅ፣ የዕውቀት ወገን ካነሣው ውስጥ አንዲቱንም ሳትነካ ጨረሰች፤ ዳኞቹ አብልጠው ያመሰገኑትም የእሷን ንግግር ነው። በአጭሩ ስድስት ድርሰት ሰማን፤ ክርክር ግን አልሰማንም።

ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። ከምን ልጀምር? በየትኛው ሥርዓት ላከራክራቸው? ሌላም አለ፤ አንዲት እናት መጥተው «ልጄ የማታምንበትን ነገር እንድትደግፍ ማድረግ ውሸት ማለማመድ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ በቂ መልስ የሰጠኋቸው አይመስለኝም።

መልስ 1፦ ጠመኔ

መምህር፣ ችግሩ ከልጆቹ ሳይሆን ከርዕሱና ከዝግጅቱ የመጣ ይመስለኛል። «ዕውቀት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ?» የሚለው ርዕስ ለማን፣ ለምንና መቼ እንደሚበልጥ ስለማይናገር፣ አንዱ የዕውቀትን ሌላው የገንዘብን ውዳሴ አቅርቦ በሰላም ይለያያሉ። የሚፋጩበት ቦታ የለም። ርዕሱ ተቀባይነት ሊያገኝ ወይም ውድቅ ሊሆን የሚችል፣ አንድ ለውጥ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት። «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ይፈቀድ» ቢባል ደጋፊው ለምን ነባሩ ደንብ መቀየር እንዳለበት ማስረዳት ይገደዳል፤ ተቃዋሚውም የሚይዘው የሚጨበጥ ነገር ያገኛል።

ሁለተኛው ምክሬ ምናልባት እንግዳ ይሆንብዎታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ማንም ተማሪ ንግግር እንዳይጽፍ ያድርጉ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ንግግር ማዘጋጀትን፣ በመጨረሻ ደግሞ ጊዜ ከተረፈ መልስ መስጠትን እናስተምራለን። ጊዜው ግን አይተርፍም፤ ልጆቹም ክርክር ማለት ንግግር ማቅረብ ነው ብለው ይቀራሉ። እኔ የምጀምረው ከመልስ ነው።

ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት እከፍላለሁ። አንድ ተማሪ ይነሣና «ምክንያቱም» የሚል ቃል ያለበት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል። ለምሳሌ «ስልክ ይፈቀድ፤ ምክንያቱም የመማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይዳረስ ያልደረሰው ልጅ በስልኩ ማንበብ ይችላል» ይላል። በግራ በኩል አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። ቀጥሎ የሚነሣው ተማሪ የራሱን ሐሳብ ከማምጣቱ በፊት የተባለውን በራሱ ቃል መድገም አለበት፤ የመጀመሪያው ልጅም «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለ ወደ መልሱ መሄድ አይፈቀድለትም። እመኑኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ከዚህች ደረጃ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ተማሪ ሌላው ሲናገር የራሱን ተራ እየጠበቀ እንጂ እያዳመጠ አይደለም።

ከዚያ መልሱ ይመጣል። የተለመደው መልስ «የለም፣ ስልክ ተማሪን ያዘናጋል» የሚል ነው። እዚህ ላይ አስቆማለሁ፤ ምክንያቱም ይህ መልስ ሳይሆን አዲስ ነጥብ ነው። የመጽሐፍ እጥረቱ ሳይነካ በሰሌዳው ላይ እንደቆመ ነው። «የተጻፈውን ንካው» እለዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጥቂት አሰበና «መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ ስልክም የለውም፤ ስለዚህ ደንቡ ቢቀየር የሚጠቀመው የተቸገረው ሳይሆን ያለው ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ «ኧረ!» አለ፤ እኔም መልሱን በቀኝ ጽፌ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስት አሰመርኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የክበባችን ቋንቋ «ቀስት አለው ወይስ የለውም?» ሆነ። ቀስት ያልደረሰበት ነጥብ ተቃራኒው ወገን እንዳመነው ይቆጠራል።

መልስ የሚሰጥባቸው መንገዶችም ብዙ አይደሉም። ያልከው እውነት አይደለም ማለት ይቻላል፤ እውነት ቢሆንም ካልከው መደምደሚያ አያደርስም ማለት ይቻላል፤ ያደርሳል ግን ከሌላው ጉዳት አንጻር ሚዛን አይደፋም ማለትም ይቻላል። ጠንካራዎቹ ልጆች የተቃራኒን ነጥብ ገልብጠው ለራሳቸው ማስረጃ ያደርጉታል፤ ከላይ ያለው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ይህንኑ ነው።

መልስ 2፦ ሰዓት ያዥ

ስለ ሥርዓቱ ልጨምር። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተስማሚ ሆኖ ያገኘሁት የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ሻምፒዮና የሚጠቀምበትን ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውስትራሊያ የተጀመረ ሲሆን በየቡድኑ ሦስት ተናጋሪዎች ይሰለፋሉ። ከደጋፊው ተጀምሮ እየተፈራረቁ እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ከየቡድኑ አንደኛው ወይም ሁለተኛው ተናጋሪ የ4 ደቂቃ የማጠቃለያ ንግግር ያደርጋል። ማጠቃለያውን የሚጀምረው ተቃዋሚው ነው፤ ስለዚህ የተቃዋሚው ሦስተኛ ተናጋሪ እንደተቀመጠ የራሱ ወገን ሰው ይነሣል። ልጆችን ግራ የሚያጋባቸው ይህ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አስቀድመው በሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው።

ይሁን እንጂ ስድስት ጊዜ 8 ደቂቃና ሁለት ጊዜ 4 ደቂቃ ሲደመር 56 ደቂቃ ይሆናልና እንዳለ ወስደው በእርስዎ 40 ደቂቃ ውስጥ ማስገባት አይችሉም። እኔ ዋናውን ንግግር ወደ 4፣ ማጠቃለያውን ወደ 2 ደቂቃ አሳጥሬዋለሁ። በድምሩ 28 ደቂቃ ይወስዳል፤ የቀረው 12 ደቂቃ ለዳኞች አስተያየት ይበቃል። ለጀማሪ 4 ደቂቃም ረጅም ነው፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሐሳባቸው ሲያልቅ ታዩአቸዋላችሁ።

የተናጋሪዎቹ ድርሻ ከተለየ ድርሰት ማንበቡ በራሱ ይቀንሳል። የደጋፊው አንደኛ ተናጋሪ በርዕሱ ውስጥ ያሉትን ቃላት ይተረጉማል፤ «ይፈቀድ» ሲባል በክፍል ውስጥ ነው ወይስ በእረፍት ሰዓት ብቻ የሚለውን ይወስናል። ከእሱ በኋላ የሚነሣ ማንኛውም ተናጋሪ መጀመሪያ ለተቃራኒው ወገን መልስ ሳይሰጥ ወደ ራሱ ነጥብ አይገባም። ሦስተኞቹ ተናጋሪዎች ጊዜያቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ለመልስ ያውሉታል፤ በተለይ የተቃዋሚው ሦስተኛ ተናጋሪ አዲስ ነጥብ ማንሣት አይችልም። እንግዲህ መጨረሻ የሚናገር ሰው ቤቱ ሆኖ ምን ሊጽፍ ይችላል? ወረቀትን በተመለከተ እኔ የምፈቅደው የመዳፍ ስፋት ያላት አንዲት ካርድ ብቻ ነው፤ ያውም ቃላት እንጂ ዐረፍተ ነገር አይጻፍባትም።

በንግግር መሃል የሚቀርብ ጥያቄም አለ። ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላና ከመጨረሻው ደቂቃ በፊት ተቃራኒው ወገን ከመቀመጫው ተነሥቶ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ጥያቄው ከ15 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ተናጋሪውም መቀበል ወይም «ይቅርታ፣ አሁን አልቀበልም» ማለት ይችላል። ይህንን በመጀመሪያው ወር አያስገቡት፤ ጨዋታው ይደፈርሳል።

ነጥብ አሰጣጡ ከ100 ሆኖ 40 ለይዘት፣ 40 ለአቀራረብ፣ 20 ለስልት ነው። አቀራረብ ማለት ድምፅን ከፍ ማድረግና እጅን ማወናጨፍ አለመሆኑን ለዳኞችዎ ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ያች የገንዘብ ወገን ልጅ ደግማ ታሸንፋለች።

መልስ 3፦ ጥብቅና

የወላጇ ጥያቄ ቀላል አይደለምና ሊናቅ አይገባውም። እኔ ብሆን ልጅዎ የምትደግፈውን ወገን የመረጠችው ራሷ ሳትሆን በዕጣ የደረሳት መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ይህም ከመድረክ ላይ በግልጽ መነገር አለበት። አድማጩ ሁሉ ይህንን ካወቀ የሚታለል ሰው ስለሌለ ውሸት አይባልም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በዚያው ርዕስ ላይ በተቃራኒው ወገን ትቁም። ሁለቱንም ወገን የተከራከረች ልጅ የራሷን አቋም ስትይዝ ከምን ላይ እንደቆመች ታውቃለች።

ነገር ግን የርዕስ ምርጫ ላይ ገደብ አለኝ። የአንድን ልጅ ሃይማኖት ወይም ብሔር የሚነካ ርዕስ በዕጣ አይሰጥም። አንድ ርዕስ ሲቀርብልኝ «ይህን ልጅ ወደ ሌላው ወገን ባዞረው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያፍርበት ነገር ይኖራል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚኖር ከሆነ እተወዋለሁ።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ነገር የውጭ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ነገር ግን በአገራችን ባለጉዳዮች ከዳኛ ፊት ቆመው፣ ውርርድ እያስገቡ፣ በግጥምና በምሳሌ እያሳመሩ «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። ተሟጋቹ ነጥቡን በቃሉ ይዞ ለተጠየቀው መልስ መስጠት ነበረበት፤ ወረቀት ማንበብ አይታሰብም። ሆኖም ልዩነቱንም መደበቅ አያስፈልግም፤ በዚያ ሙግት ሰው የሚቆመው ለራሱ ርስት ወይም ለራሱ መብት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ክርክር ግን በዕጣ ለደረሰው ሐሳብ ነው። ልጆቹ ተረትና ምሳሌ ሲያመጡ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ተረቱ ምክንያቱን እንዲያደምቅ እንጂ እንዲተካ አልፈቅድም። «አበው እንዳሉት» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ገና አላስረዳም።

መልስ 4፦ የኋላ ወንበር

በአንድ ዙር የሚናገሩት ስድስት ናቸው፤ የቀሩት 28 ልጆች ምን ይሠራሉ? በእኔ ክበብ እያንዳንዱ አድማጭ ደብተሩን እንደ ሰሌዳው ለሁለት ከፍሎ ነጥቦቹንና ቀስቶቹን ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ሦስቱ በዕጣ ተጠርተው ማን እንዳሸነፈና ለምን እንዳሸነፈ ይናገራሉ። ጭብጨባ አሸናፊውን እንዳይወስን የምናጨበጭበው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ብቻ ነው። ሴት ልጆች ዘወትር ሰዓት ያዥና ጸሐፊ ሆነው እንዳይቀሩ ደግሞ ድርሻው በተራ ቢዞር ጥሩ ነው፤ በፈቃደኝነት ከተተወ ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው አራት ወንዶች ይሆናሉ።

ጠያቂ፦ የአማርኛ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀስቱን ልምምድ በትናንትናው ዕለት ሞከርኩት። በ40 ደቂቃ ውስጥ ያገኘነው ቀስት ሦስት ብቻ ነው። ያች በገንዘብ ወገን መጨረሻ የተናገረችው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ከእሷ በፊት የተናገረውን ልጅ «ይቅርታ፣ ያልከውን ድገምልኝ፤ አልሰማሁህም ነበር» አለችው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ደገመላት፤ ሦስተኛውን ቀስት ያገኘችው እሷ ናት። እናቲቱንም አነጋግሬአቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ክርክር ላይ ዕጣው ሲወጣ ራሳቸው ተገኝተው ለማየት ይፈልጋሉ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ርዕሰ መምህሩ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ክርክሩም በእንግሊዝኛ ይሁን ይላሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ 5፦ ጠመኔ

ሦስት ቀስት ለመጀመሪያ ቀን ብዙ ነው፤ እኔ አንድ ነበር ያገኘሁት።

ስለ ቋንቋው ርዕሰ መምህሩ ያሉት ተገቢ ነው፤ እኔ የምለየው በጊዜው ላይ ነው። በደንብ በማይችለው ቋንቋ ወዲያውኑ መልስ ስጥ የተባለ ልጅ የሚያመልጥበት መንገድ በቃል ያጠናውን ማንበብ ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ ሁለቱ ገጾች ይመልሰናል። ስለዚህ አንደኛውን መንፈቀ ዓመት በአማርኛ ይያዙት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አዲስ ርዕስ ሳይሰጡ፣ ቀስቶቹን የሚያውቋቸውን ያንኑ የስልክ ክርክር በእንግሊዝኛ ያስደግሟቸው። ሐሳቡን እንደ አዲስ መፈለግ ስለማያስፈልጋቸው ድካማቸው በቃሉ ላይ ብቻ ይሆናል። ለዚያ ዙር ብቻ ከአቀራረቡ 40 ነጥብ ላይ የሰዋስው ስሕተት እንዳይቀነስ ከዳኞቹ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።