«ገበያው ፈረደ» ለሚሉን፦ ሬስቶራንቱን ማን ዘጋው?

የማታ ፈረቃ፦ ትናንት እዚህ ግሩፓችን ላይ የዋናው መንገድ ዳር ሬስቶራንት መዘጋቱ ሲነሳ አንዱ «ምን ያስለቅሳል? ገበያው ፈረደ፤ ሰው አልበላም፣ ተዘጋ» ብሎ አለፈ። ስንቱም አጨበጨበለት። እኔን ግን ሲያንገበግበኝ አደረ። ቅዳሜ ማታ ወረፋ የነበረበት ቤት ሰኞ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈበት። ገበያው እሑድ ችሎት ተቀመጠ ማለት ነው? እዚህ አሜሪካ በባሕር ምግብ የታወቀውን ባለብዙ ቅርንጫፍ ሬስቶራንት፣ ሬድ ሎብስተርን እዩ። በፈረንጆቹ 2014 ባለቤቱ ዳርደን ለኢንቨስትመንት ድርጅቱ ጎልደን ጌት ካፒታል በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ሸጠው። ገዢው 500 ገደማ የሚሆኑትን ቤቶች ከነመሬታቸው ለሌላ ኩባንያ በ1.5 ቢሊዮን ቸበቸባቸው። ሬስቶራንቱ በገዛ ቤቱ ሽያጭ የራሱን መገዣ ከፈለ፣ ከዚያ በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆነ። በሜይ 2024 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ያስገባው ሰነድ የ2023 ኪራይ 190.5 ሚሊዮን ዶላር እንደነበረ ይናገራል፤ ከዚህ ውስጥ ከ64 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በማያዋጡ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ይሄ የተመጋቢ ፍርድ ነው?

ፍሬ ነገር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ «አንዱ» እያልክ አትሸፋፍነኝ። አሁንም ገበያው ፈረደ ነው የምለው። ታሪኩን ስታወራ ሽሪምፑን ዘለልከው። በ20 ዶላር እስክትጠግብ ብላ የሚለውን በ2023 የዘወትር ሜኑ አደረጉት፤ በራሳቸው ሒሳብ 11 ሚሊዮን ዶላር ከሰሩበት። እሱንም ጎልደን ጌት ነው የደገሰው?

የማታ ፈረቃ፦ በመጀመሪያ ሴት ነኝ። ሁለተኛ፣ ያኔ ጎልደን ጌት ወጥቷል፤ ባለቤቱ ታይ ዩኒየን ነበር። ሥራው ምን መሰለህ? ሽሪምፕ አቅራቢ! ሽሪምፕ ሻጩ ባለቤት ሆኖ «ብሉልኝ» ቢል ምን ይገርማል? የኪሳራ ሰነዱ ራሱ ይሄን ጉዳይ እያጣራን ነው ይላል። ደግሞ 11ን ከ190 ጎን አስቀምጠህ እየው።

ፍሬ ነገር፦ ይቅርታ እህቴ፣ ስምሽ አሳሳተኝ። ሌላው ሬስቶራንት ቺሊስስ? እሱም ኪራይ ይከፍላል፣ እሱም ሥጋ በውድ ይገዛል፣ እሱም «ያረጀ ቼይን» (ባለብዙ ቅርንጫፍ) እየተባለ ሲሾፍበት ኖሯል። ሜኑውን ቀነሰ፣ ወጥ ቤቱን አስተካከለ፣ ዋጋውን ሰው በሚችለው አደረገ። በዲሴምበር 2024 በተጠናቀቀው ሩብ ዓመት የነባር ቅርንጫፎቹ ሽያጭ ካለፈው ዓመት በ31 በመቶ ዘለለ። አንዱ ሲሞት ጎረቤቱ ከወፈረ ጥፋቱ የአከራይ ነው አትበሉኝ።

ሒሳብ ሹም፦ ሁለታችሁም ያላነሳችሁት ነገር አለ። ቼይን ሲባል አንድ ኪስ አይደለም። ቲጂአይ ፍራይደይስ የሚባለው ሬስቶራንት ኖቬምበር 2024 ላይ የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገባ ጉዳዩ ኩባንያው ራሱ የሚያስተዳድራቸውን 39 ቤቶች ነበር የሚመለከተው። በፍራንቻይዝ፣ ማለትም ስሙን በውል ተከራይተው የሚሠሩት፣ የየራሳቸው ባለቤት አላቸው፣ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከውጭ ለሚያይ ግን ያው ቀይና ነጭ ምልክት ነው። ሌላው፣ በቻፕተር 11 (ዕዳን በፍርድ ቤት ጥላ ሥር እንደገና በሚያዋቅረው የኪሳራ ሕግ) የገባ ድርጅት የማይፈልገውን የኪራይ ውል መሰረዝ ይችላል። ጠበቆቹና አማካሪዎቹ ዝርዝር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ገበያ ያለው ቤትም ኪራዩ ከከበደ ይሰረዛል። የሰኞው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝርዝር ነው የሚመጣው።

ፍሬ ነገር፦ ሸጋ። ታዲያ ኪራይስ ገበያ አይደለም እንዴ?

የማታ ፈረቃ፦ «ኪራይም ገበያ»! ትናንት ፈራጁ የሚበላው ሰው ነበር፣ ዛሬ አከራዩም ዳኛ ሆነ። ነገ የባንኩን ወለድ ጨምርበትና ችሎቱ ይሟላልሃል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ በቢሊዮን ትከራከራላችሁ፣ እኔ ልጄን ላንሳ። የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ለፈረቃው ሲሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘው፤ ሥራ አስኪያጇም እንደሱ በዚያው ጠዋት ነው የሰማችው። የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚባል ሕግ የለም ወይ?

ሒሳብ ሹም፦ አለ እህቴ፣ የ1988ቱ ዋርን አክት። ግን በትልልቅ ቀጣሪ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ሲዘጋ እዚያው ከ50 ያላነሰ ሰው ሥራ ማጣት አለበት፣ ፓርት ታይም (ከፊል ሰዓት) የሚሠራውን ሳይቆጥር። የሬስቶራንት ሠራተኛ ደግሞ ብዙው ፓርት ታይም ነው። ለብቻው የሚቆም ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አይሞላም። አንዳንድ ስቴት የራሱ ጠንከር ያለ ሕግ አለውና የእናንተን አጣሪ። የሠራበት ደመወዝ ግን የትም ቢሆን ይገባዋል።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጆች፣ ዋናውን ሸሻችሁት። ደመወዝ ነው። ካሊፎርኒያ በኤፕሪል 2024 የፋስት ፉድ ሠራተኛን ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 20 ዶላር አደረገች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ሩቢዮስ የሚባል ቼይን እዚያው 48 ቤት በአንድ ጊዜ ዘጋ፤ የንግዱ ወጪ ከበደኝም አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትሻላችሁ?

ሒሳብ ሹም፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ሕግ በመላ አገሪቱ 60ና ከዚያ በላይ ቤት ላላቸው፣ ደንበኛው ራሱ ካውንተር ላይ ለሚያዝባቸው ቼይኖች ነው። አስተናጋጅ ያለው ቤት አይነካውም። ሬድ ሎብስተርም ፍራይደይስም አስተናጋጅ ያላቸው ናቸው። ያውም በቲፕ የሚሠራ ሰው የፌደራል መነሻ ደመወዙ ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው። እሱ ነው ያከሰራቸው?

ጋሽ ታዛቢ፦ ጠረጴዛ አጥቤ ነው ያደግሁት፣ 2.13 ዶላርን አንተ አታስተምረኝም።

የማታ ፈረቃ፦ ጋሼ እርስዎን ማንም አላስተማረም፣ ለፍሬ ነገር ነው።

ፍሬ ነገር፦ ደግሞ እኔ ምን አደረግሁ?

ባለ መኪናው፦ እኔን የሚያስፈራኝ የሚከፈተው ነው። የተቀመጠ ሰው የሚያስተናግድ ቤት በተዘጋ ቁጥር በቦታው ድራይቭ ስሩ (ከመኪና ሳይወርዱ የሚገዙበት) ይተከላል። ወንበር የለው፣ መጸዳጃ የለው፣ ሁለት መስኮት ብቻ። ሰልፉ መንገድ ላይ ወጥቶ የግራ መታጠፊያውን ይዘጋል። የሚኒያፖሊስ ከተማ በ2019 አዲስ ድራይቭ ስሩ ከልክላለች። የእኛ ከተማ ካውንስል ምን ነካው?

የሁለት ልጆች እናት፦ ይከልከል? ኋላ ወንበር የተኛ ሕፃን ይዘህ ወርደህ ታውቃለህ?

ባለ መኪናው፦ እኔም ወላጅ ነኝ። ልጆቼ የሚቀመጡበት ቤት ስለጠፋ ነው የምጮኸው። ልደት በመኪና ውስጥ ላክብር?

የሁለት ልጆች እናት፦ ልደት ቤት አክብር። እኔ ካውንስሉ ሰልፉን ግቢው ውስጥ እንዲያስገቡ ያስገድዳቸው ነው የምለው። መከልከል ሌላ፣ ማስተካከል ሌላ።

ፍሬ ነገር፦ አያችሁ? ሕዝቡ በመኪና መብላት ፈለገ፣ ድራይቭ ስሩ መጣ። ገበያው...

የማታ ፈረቃ፦ እባክህን አትጨርሳት!

ዝምተኛው፦ ሁልጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ልጠይቅ። ባዶውን ሕንፃ ከእኛ ሰዎች አንዱ ለምን አይከራየውም? የጭስ መሳቢያው አለ፣ የቅባት ማጠራቀሚያው ተቀብሯል፣ ቀዝቃዛ ክፍሉ ተሠርቷል። ከባዶ ለሚጀምር ትልቁ ወጪ ይሄ ነው።

ሒሳብ ሹም፦ ሐሳቡ መልካም ነው። ሁለት ነገር ይይዘዋል። የቼይን ሕንፃ ሰፊ ነው፤ ውሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግብሩንም ኢንሹራንሱንም ጥገናውንም ተከራዩ ላይ ይጥላል። ጣሪያው ቢያፈስ ያንተ ነው። ባለንብረቱም ከኋላው ትልቅ ኩባንያ የሚፈርምለትን ተከራይ ይመርጣል፤ ሕንፃውን ነገ ሲሸጥ ዋጋ የሚያመጣለት የተከራዩ ስም ነው። ለዚህ ሲል ሁለት ዓመት ባዶ ቢያቆመው አይገርመኝም።

ፍሬ ነገር፦ ሰበብ። ሦስት አራት ሆነው ቢገቡበትስ?

የማታ ፈረቃ፦ አንተ የመጀመሪያውን ፈርም፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ።

ፍሬ ነገር፦ እኔ ሬስቶራንት አላውቅም።

ጋሽ ታዛቢ፦ ይሄን ሁሉ ቀን ታዲያ ስለምን ነበር የምታወራው?

ፍሬ ነገር፦ ጋሼ፣ ለመተቸት ወጥ ሠሪ መሆን የለብኝም።

ባለ መኪናው፦ ወደ ግራ መታጠፊያው እንመለስ፤ ለካውንስል ደብዳቤ የሚፈርም አለ?

የሁለት ልጆች እናት፦ «ይከልከል» የሚለውን ከሰረዝክ።

ባለ መኪናው፦ አልሰርዝም።