ከጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ ጭኔ አልመለስ አለኝ፤ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንዶች ሆርሞን ይረዳኝ ይሆን?

ሰላም ወገኖች፣ ልምድ ወይም እውቀቱ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። የፊተኛው የጉልበት ጅማቴ ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ተተካልኝ። ቁስሉ ድኗል፣ ጉልበቴም ይታጠፋል፤ የጭኔ ጡንቻ ግን እንደሳሳ ቀረ። እግሮቼን ዘርግቼ ስቀመጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ደረጃ ስወርድማ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ፊዚዮቴራፒስቴ እንዳስረዳችኝ፣ ካበጠ መገጣጠሚያ የሚነሳው የነርቭ መልእክት የፊት ጭን ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ እንዳይሠራ ያግደዋል። ጂም የማውቀው ልጅ ደግሞ «ቴስቶስትሮን ተወጋ፣ ቶሎ ትመለሳለህ» እያለ ይወተውተኛል። በ2017 የታተመ አነስተኛ ጥናት አንብቤ ነበር፤ በዚሁ ቀዶ ጥገና ወቅት ሆርሞኑን የወሰዱት ወንዶች ስብ ያልሆነው የሰውነት ክብደታቸው ጨምሯል፣ በጥንካሬ ግን ካልወሰዱት ጎልተው አልታዩም። እኔ የቸገረኝ ደግሞ ጥንካሬው ነው! በዚያ ላይ መርፌው ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞንና የወንድ ዘር ምርትን ይቀንሳል፣ ደምም ያወፍራል ይባላል። ልጅ መውለድ ስለምፈልግ ይህ በጣም ያስፈራኛል።

የደም ምርመራው የሆርሞን እጥረት ሳያሳይ ሐኪም ያዘዘለት ሰው አለ? ወይስ በኤሌክትሪክ የጡንቻ ማነቃቂያና በክብደት ልምምድ ብቻ ጭኑ የተመለሰለት? ከሐኪሜ ጋር ቀጠሮ አለኝ፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?