ዳቦ በልቼ ስሮጥ ሰውነቴ ያብጣል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እንዲህ የሚሆን ሰው አለ?

የከዚራ መምህርት (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ሩጫ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ድሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አታስሮጥም። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር አድርጌ እስከ ሳቢያን እሄድና ፀሐይዋ ሳትከርር ቤቴ እገባለሁ። ሩጫ ለኔ እንዲሁ ስፖርት አይደለም። አባቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፌን የመለሰልኝ እሱ ነው።

አምና ሚያዝያ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ተኝቼ አረፈድኩ። እህቴ መጋላ ሄዳ ፈጢራ ይዛ መጣች። በማር በላን፣ ሻይ ጠጣን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ትንሽ እንኳ ልንቀሳቀስ» ብዬ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሮጥኩ መዳፌን በላኝ። ቀጥሎ ውስጥ እግሬን፣ ከዚያ ብብቴን። ላብ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ወዲያው ሆዴና አንገቴ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ እብጠት ተነሳ። ከንፈሬ አበጠ፣ ድምፄ ጎረነነ። መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «አቦ እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» ብሎ አንስቶ ቤት አደረሰኝ። ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ ሳስበው እመርቀዋለሁ።

ክሊኒክ ስደርስ እብጠቱ ጎድሎ ነበር። ታይፎይድ ነው ተባልኩና መድኃኒት ተሰጠኝ። ሰፈር ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ።

ሁለተኛው ጊዜ የአክስቴ ልጅ መልስ ላይ ነው። ያን ቀን ሩጫ የሚባል ነገር የለም። ድፎ ዳቦ በልቼ እስክስታ እየመታሁ ጀመረኝ። ሦስተኛው ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። የወር አበባ ሕመም ስለነበረብኝ ዳቦ በሻይ ቀማመስኩና ኢቡፕሮፌን ውጬ ወጣሁ። ብዙም ሳልርቅ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። እዚያ አንዲት ሐኪም የበላሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «የስንዴ አለርጂ ይመስለኛል፣ ግን ከእንቅስቃሴ ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚነሳ» አለችኝ።

ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው። ዳቦ በልቼ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ባስተምር ምንም አልሆንም። በባዶ ሆዴ ብሮጥም ምንም አልሆንም። እናንተ ጋ ይህ ያለበት ሰው ካለ እንዴት ነው የምትኖሩት? ሩጫውን ተዪው እንዳትሉኝ ብቻ እለምናችኋለሁ።

ሸዋ በር (ሐረር)

እህቴ፣ ሳነበው እኔ የጻፍኩት መሰለኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ ከዚህ ነገር ጋር። እኔን የጀመረኝ ማካሮኒ በልቼ ኳስ ስጫወት ነው። አንዴ ደግሞ ምሳ በልቼ በጀጎል ውስጥ ዳገቱን ዕቃ ተሸክሜ ስወጣ ያዘኝ። ስለዚህ «እኔ እኮ አልሮጥኩም» ብለሽ እንዳትዘናጊ። ፈጠን ያለ እርምጃም ይበቃዋል።

እኔ እንዲህ ነው የምኖረው። ስንዴ ከበላሁ በኋላ ቢያንስ ለአራት፣ ሲሆን ለስድስት ሰዓት ያህል ሰውነቴን አላደክምም። የምሮጠው ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ ነው። እንጀራ እበላለሁ፤ ጤፍ ይህ ጣጣ የለበትም። ግን የጤፍ ብቻ መሆኑን ጠይቂ። የስንዴ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ፣ እኔ እንግድነት ሄጄ በዚህ ተይዣለሁ። ሯጭ ሁሉ በሶ ይጠጣል፣ አይደል? በሶ ገብስ ነው። ገብስ ደግሞ ለስንዴ የቅርብ ዘመዱ ነው፣ አንዳንዳችንን እሱም ያስነሳብናል። ሐኪምሽን ሳታማክሪ ከሩጫ በፊት አትጠጪው።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። መዳፍሽን የበላሽ ቅጽበት ቁሚ። ቀስ ብዬ ልሩጥ አትበይ፣ ቤቴ ልድረስ አትበይ። እኔ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብዬ ነው ለሞት የደረስኩት።

የፋርማሲ ባለሙያ (ድሬዳዋ)

ሐኪምሽ የነገረችሽ ነገር በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። የባሕር ምግብ በልቶ ስፖርት ሲሠራ እንዲህ የሆነ ሰው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1979 በሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ስለዚህ የሰው ዓይን የሚለውን ተዪው። በስንዴው በኩል ዋናው ቀስቃሽ ኦሜጋ-5 ግላያዲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክ፣ አልኮል፣ ሙቀት፣ የወር አበባ ሰሞንም ያባብሱታል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንቺ ብዙዎቹን ደራርበሻቸዋል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮ ሲዘጋና የደም ግፊት ሲወርድ አያድንም። የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ጭን ላይ፣ በውጪው በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ሰው ራሱን እንዲወጋበት በብዕር መልክ የተሠራውን እኔ በምሠራበት ፋርማሲ አይቼው አላውቅም። ያለን አምፑል ነው። መጠኑንና አወጋጉን ሐኪም ጽፎ፣ አንቺንም አብሮሽ የሚኖረውንም ሰው ቁጭ አድርጎ ያሳያችሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የምሸጥልሽ ነገር አይደለም።

ከተነሳብሽ ጋደም ብለሽ እግርሽን ከፍ አድርጊ። መተንፈስ ካቃተሽ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ። ማንም ደግፎ እንዳያቆምሽ። በመርፌው ቢሻልሽም ሆስፒታል ሂጂ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሙቅ ውኃ ስትታጠቢ ወይም እንዲሁ ሲያልብሽ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ሽፍታ ይወጣብሻል? እንዲያ ከሆነ ስንዴው ሳይሆን ሙቀቱ ራሱ የሚያስነሳው ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ነው የምጠይቅሽ።

የባቡር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባቡር ድርጅት ስንሠራ አንድ ጭነት የሚያወርድ ጓደኛ ነበረን። ዳቦውን በልቶ ወደ ሥራ ሲመለስ ፊቱ ያብጥ ነበር። ፀሐይ መታው እንላለን፣ ውኃ እናፈስበታለን፣ እሱም አርፎ ይነሳል። ዛሬ የናንተን ሳነብ ስለሱ አዘንኩ። የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሩጪ፣ አልከለክልሽም። ብቻሽን ግን አትሩጪ።

የከዚራ መምህርት (ድሬዳዋ)

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የርስዎን መልስ ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ለፋርማሲው ወንድሜ፦ በሙቅ ውኃ ምንም አይወጣብኝም፣ የኔ እብጠት ሁልጊዜ ትልልቅ ነው። ሐኪሟ ጋ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ የመርፌውን ነገር እህቴን ይዤ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ሸዋ በር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ጣሳ በሶ ነበረኝ። ለጎረቤት ሰጠሁት።

ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዴ አራት ኪሎ ሜትር በዝግታ ሮጥኩ። እህቴ በባጃጅ ከኋላ ተከተለችኝ። መዳፌን በየደቂቃው ሳይ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም። እሷ ግን ሰኞ ሥራ ትገባለች። ድሬ ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ልትገኙልኝ የምትችሉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። ቀስ ብዬ ነው የምሮጠው፣ ማንንም አላደክምም።