የሂንዱ ፍልስፍናን ለማጥናት ከየትኛው ትምህርት መጀመር ይሻላል?

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በአስተማሪነት የምተዳደር ሰው ስሆን፣ በትርፍ ጊዜዬ የሂንዱን ፍልስፍና በሥርዓት ለማጥናት አስቤአለሁ። ያገኘኋቸው ጽሑፎች ግን ስድስቱን ጥንታዊ ትምህርቶች፣ ማለትም ንያያን፣ ቫይሼሺካን፣ ሳንክያን፣ ዮጋን፣ ሚማምሳንና ቬዳንታን፣ በአጭር በአጭሩ ዘርዝረው ያልፋሉ፤ እኔም ከስማቸው በቀር የያዝኩት ነገር የለም። ሁሉም የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት የሆኑትን ቬዳዎች የሚቀበሉ ከሆነ የሚከራከሩት በምን ላይ ነው? ፍልስፍናውንስ ከአምልኮው ነጥሎ ማጥናት ይቻላል?

አንባቢ ዘአዳማ፦
ከንያያ ቢጀምሩ እመክራለሁ። በዚህ ትምህርት መሠረት ትክክለኛ ዕውቀት የሚገኘው በአራት መንገድ ነው፦ በስሜት ሕዋሳት፣ ከምልክት ተነሥቶ በመደምደም፣ በማመሳሰል እና በታማኝ ሰው ቃል። ማስረጃ ሲቀርብም አምስት ክፍሎች አሉት። ታቦር ተራራ ላይ ጭስ ቢያዩ እንዲህ ይላሉ፦ ተራራው ላይ እሳት አለ፤ ጭስ ይታያልና፤ ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ፣ እንደ ማድ ቤት፤ ይህም ተራራ እንደዚያው ጭስ አለው፤ ስለዚህ እሳት አለ። (ማድ ቤቱን እኔ አልጨመርኩትም፤ ከጥንቱ ምሳሌ የመጣ ነው።)

የሚከራከሩበትን ጉዳይ በተመለከተ፣ ሚማምሳን ብቻ መመልከት ይበቃል። ለቬዳ ሥልጣን ከማንም በላይ የሚሟገተው ይህ ትምህርት፣ ቬዳ ደራሲ የለውም ስለሚል ፈጣሪ አምላክን አያስፈልገውም። በአንጻሩ የንያያው ኡዳያና የአምላክን መኖር በማስረጃ ለማጽናት ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል።

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦
በዚህ አልስማማም፤ እኔ ቬዳንታን አስቀድም ነበር። በአንድምታ ትርጓሜ ላደገ አንባቢ፣ እጅግ አጫጭር የሆኑት ሱትራዎች (የትምህርቶቹ መሠረት የሆኑ ዓረፍተ ነገሮች) ያለ ማብራሪያ የማይነበቡ መሆናቸው እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ አንድምታ ብዙ ፍቺዎችን ጎን ለጎን ሲያኖር፣ የሕንዱ ተንታኝ የሌላውን ፍቺ አፍርሶ የራሱን ይተክላል። የቬዳንታ መሠረት የሆነውን አንዱን መጽሐፍ፣ ብራህማ ሱትራን፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሻንካራ ነፍስና ብራህማን (የሁሉ መሠረት የሆነው የመጨረሻ እውነት) ፈጽሞ አንድ ናቸው ብሎ ተረጎመው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማድቫ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው አለ፤ በመካከል የተነሣው ራማኑጃ ደግሞ ነፍሳትና ዓለም የአምላክ አካል ናቸው የሚል ሦስተኛ መንገድ ያዘ። ራማኑጃ በደቡብ ሕንድ ባለው በሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ ለቪሽኑ ለተባለው አምላክ አምልኮ የተጋ መምህር ስለነበረ፣ አሳቡን ከአምልኮው የነጠለ ጥናት ስለምን እንደዚያ እንዳሰበ ሊያስረዳን አይችልም።

አንባቢ ዘአዳማ፦
ስለ ራማኑጃ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ለጀማሪ ግን አሁንም ንያያ ይቀለዋል ባይ ነኝ። ጠያቂያችን የትኛውንም ቢመርጡ፣ እነዚህ ተንታኞች የራሳቸውን አቋም ከመናገራቸው በፊት የተቃዋሚያቸውን ክርክር በሙሉ ኃይሉ፣ ብዙ ጊዜም በተቃዋሚው አንደበት እያስነገሩ እንደሚያቀርቡ ይወቁ። ስለዚህ አንድን ዓረፍተ ነገር የሻንካራ አሳብ ነው ብለው ከመጥቀስዎ በፊት፣ መልሱ እስከሚጀምርበት ድረስ ወደ ታች ወርደው ያንብቡ።