ለቤተሰብ የሚሆን የሙዚቃ ጌም ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

ከኮምቦልቻ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 12 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 5። ክረምቱ ሊገባ ነው። ከኳስና ከተኩስ ጌም የሚያላቅቃቸው፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያስጫውት፣ እኔና አባታቸውም አብረን የምንጫወተው ነገር ጠቁመኝ። የቱ ይሻላል? እዚሁ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ሰው መላክ አለብኝ?»

አብሽሪ እታለም። በዚህ ጉዳይ ደሴ ላይ ያልጠየቅሁት ሱቅ የለም። ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ዞሬያለሁ። ግማሹ ሻጭ «የሙዚቃ ጌም» ስለው ስፒከር አውጥቶ ያሳየኛል። የገዛሁት አለ፣ የተዋስኩት አለ፣ ተቃጥሎ የቀረም አለ። ያየሁትን ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ የቤተሰብ ጌም የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ትንሹ ልጅ ሲሳሳት ጌሙ ምን ያደርገዋል? ጮኾበት ካባረረው ማታ ቤቱ ለቅሶ ቤት ነው። በተለይ ደሴ ላይ። ከመሸ ብርዱ ሰውን አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበስበዋል፤ ያኮረፈ ልጅ የሚሄድበት የለውም።

በዚህ ሚዛን አንደኛ ያደረግሁት ዊ ሚዩዚክን ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2008 ዊ ለሚባለው፣ ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰካው የጌም ማሽኑ ያወጣው ጌም ነው። ከጀርባው ያለው፣ ማሪዮ የሚባለውን የጌም ገጸ ባሕርይ የፈጠረው ሺጌሩ ሚያሞቶ ነው። ሰውየው ራሱ ጊታር ይጫወታል፤ ያስታውቃል። ከ60 በላይ መሣሪያ አለው። ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ሳክስፎን፣ ሲታር፣ የከበሮ ዓይነት በያይነቱ። የውሻ ልብስ ለብሶ መጮኽም እንደ መሣሪያ ተቆጥሯል። የኔ ትንሹ ልጅ ከዚያ ሁሉ መሣሪያ ውሻውን መረጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን በውሻ ጩኸት ከረመ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ለከበሮ ሪሞቱን (በእጅ የሚያዘውን የዊ መጫወቻ) እንደ ዱላ ትወዘውዢዋለሽ። ለቫዮሊን ሁለተኛውን መያዣ በግራ ይዘሽ ሪሞቱን በቀኝሽ ትገዘግዢያለሽ። ለትራምፔት ሪሞቱን ወደ አፍሽ አስጠግተሽ ቁልፉን መጫን ነው፤ መንፋት የለም። የትኛውን ኖታ ልምታ ብለሽ አትጨነቂም፣ እሱን ጌሙ ራሱ ይመርጥልሻል። ያንቺ ድርሻ መቼ እንደሚመታ መወሰን ነው። እስከ 4 ሰው አንድ ላይ ይጫወታል። በጎን ነጥብ የሚሰጡ ትንንሽ ውድድሮች አሉ፣ ዋናው ጨዋታ ላይ ግን «ተሸነፍክ» የሚል የለም። በወጣበት ጊዜ ብዙ ገምጋሚ ፊቱን ያዞረበት በዚሁ ነው። እናቴ ደግሞ የወደደችው በዚሁ ነው። ጌም የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ከበሮውን ስሰጣት የሰርግ ቤት አድርጋው አረፈች፤ ልጆቹ ተነስተው ጨፈሩ።

አሁን ወደ ችግሩ። ዊ ዛሬ አዲሱ አይመረትም። የሚገኘው ያገለገለ ነው፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ የሚልከው። እና ሦስት ነገር ሳታዪ ገንዘብሽን እንዳታወጪ።

አንደኛ፣ አዳፕተሩ። ከአሜሪካ የመጣ ዊ አዳፕተር 120 ቮልት ነው። የኛ መስመር 220 ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከልኝን ሳላነብ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጧ! አለ። ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አዳፕተሩ ላይ ተጽፏል። ደግነቱ ዋናው ማሽን ተረፈ። የአውሮፓ አዳፕተር ፈልጌ ገዛሁ።

ሁለተኛ፣ ሲዲው። የዊ ሲዲ በአገር የተከፋፈለ ነው። የአውሮፓው የአሜሪካ ማሽን ላይ አይሠራም። እኔ አንድ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ «ሁሉም ላይ ይሠራል» ብሎኝ የአውሮፓውን ገዛሁ። እቤት ሳስገባው ማሽኑ አላነብም አለ። ልመልስ ብል «የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» ተባልኩ። ማሽኑና ሲዲው ከአንድ አገር መሆናቸውን አረጋግጪ። ከተቻለ ሻጩ ፊት አስከፍተሽ እይው።

ሦስተኛ፣ ሴንሰር ባሩ። ቴሌቪዥን ላይ የምትቀመጠው ቀጭን ዘንግ ናት፣ ያገለገለ ሲሸጥ ሁልጊዜ የምትጠፋው እሷ ናት። ብትጠፋም አትደንግጪ። ውስጧ የማይታይ ብርሃን የሚሰጡ አምፖሎች ናቸው ያሉት፤ ሪሞቱ የሚያየው እነሱን ነው። ሁለት ሻማ አራርቀሽ ብታበሪ ሪሞቱ ይቀበላቸዋል። እኔ አንድ ወር የተጫወትኩት በሻማ ነው። እናቴ ገብታ አየችና «ደግሞ ለቴሌቪዥን ሻማ ማብራት ተጀመረ?» አለች። አምስት ዓመት ልጅ ላለሽ ለአንቺ ግን ሻማውን አልመክርም።

ጊታር ሂሮንና ሮክ ባንድን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው በ2005፣ ሁለተኛው በ2007 ነው የወጣው። ጊታር ሂሮ አምስት ባለ ቀለም ቁልፍ ያለው የፕላስቲክ ጊታር አለው። ሮክ ባንድ ላይ ከበሮና ማይክም ተጨመረ። አንድ ጌም ቤት ውስጥ ጊታሩን አግኝቼ ትልቁን ልጄን ወሰድኩት። ለ11 ዓመት ልጅ ደስ ይላል። ግን ስትስቺ ተመልካቹ ይጮኽብሻል፤ ካበዛሽው ዘፈኑ ይቋረጣል። በኋላ የወጡት ላይ እንዳትወድቂ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን ማብራት ነው። ዘፈኖቹ አብዛኞቹ የፈረንጅ ሮክ ናቸው። አባትየው ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ስልኩን ማየት ይጀምራል፤ በራሴ ነው የማውቀው። ደግሞ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ልጁ በሰዓቱ መትቶም ሳተ ይባላል። የጌሙን ማስተካከያ ገብተሽ መዘግየቱን ካላስተካከልሽ ወይም ቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» ላይ ካላደረግሽ ጥፋቱ የልጁ ይመስልሻል።

ጌም ቤት ራሱን ለትንንሾቹ አልመክርም። ጫጫታው አያሰማም፣ ወንበሩም የጎረምሳ ነው።

ታይኮ የሚባል የጃፓን ከበሮ ጌምም አለ፣ ከ2001 ጀምሮ። ቀይ ሲመጣ መሐሉን፣ ሰማያዊ ሲመጣ ጠርዙን መምታት ነው። ጥሩ ነው። ከበሮው ለብቻው ስለሚገዛ ግን እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘቱ ድካም ነው።

ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ ቤታችን ውስጥ ትልቁ ነገር የተገኘው ስልክ ላይ ነው። ብስጭት ይልሻል።

ፐርፌክት ፒያኖ የሚባል አፕ አለ፣ አንድሮይድ ላይ በነፃ ይወርዳል። የፒያኖ ቁልፍ ያሳይሻል፤ ከላይ የሚወርደውን እየተከተልሽ የምትለማመጂበትም አለው። አንድ ማታ ልጆቹን «ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ፣ ነጩ እሳት ነው» አልኳቸው። እንዲሁ ጨዋታ ብዬ ነው። ትንሹ ዝም ብሎ ሲነካካ እናቴ ከማድ ቤት «ማነው ትዝታ የከፈተው?» አለች።

ምሥጢሩ እዚህ ነው። የኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹ በየዙሩ አምስት ናቸው። ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን መነሻና ማረፊያ ካደረግሽ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ከሁለቱ ሁለተኛውን መነሻ ካደረግሽ ደግሞ እነዚያው አምስቱ ወደ ባቲ ማይነር ይዞራሉ። አንዲት ቁልፍ ሳትጨምሪ! ትልቁ ልጄ ይሄን ሲሰማ ነጮቹ ላይም ይፈልግ ጀመር። ያገኛቸው ኖታዎች ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ናቸው። ከሚ ተነስተሽ ሚ ላይ ስታርፊ አምባሰል ነው። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። እነዚያኑ ከላ ብትጀምሪ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

ልጁ «አምባሰል የቦታ ስም አይደል እንዴ?» አለኝ። ነው እንጂ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው አምባሰል ነው። ባቲም ከናንተ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ሰኞ ገበያ የምትወጡበት ባቲ ነው። ወሎ ተወልዶ ይሄን ከስልክ መማሩ ትንሽ አሳፈረኝ፤ እኔም ነገሬ ብዬው አላውቅም። በእርግጥ ማሲንቆ ላይ ያለው ማለሳለስና ማጠፍ ስልክ ላይ የለም። ድምፁ ደረቅ ነው። ለጨዋታ ግን ይበቃል።

ኢንተርኔት ካለሽ ክሮም ሚዩዚክ ላብንም ሞክሪው። ጉግል በ2016 ያወጣው ነው፣ በነፃ፣ ምንም ሳይወርድ በብራውዘር የሚከፈት። ውስጡ ሶንግ ሜከር የሚባል አለ። ሳጥኖቹን በቀለም እየሞሉ ዘፈን መሥራት ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ ስኬሉን (ቅኝቱን) «ፔንታቶኒክ»፣ ማለትም ባለ አምስት ድምፅ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ልጅሽ የትኛውንም ሳጥን ብትነካ ከአምስቱ ድምፅ አትወጣም። ለአምስት ዓመቷ ልጅሽ ከሁሉ የምመርጠው ይሄን ነው።

ፒያኖ ታይልስ የሚባለውን ልጆቹ ያውቁታል። የጣት ፍጥነት ነው፤ መሣሪያ መጫወት አያስተምርም። አልከለክልም፣ አልመክርም።

ስልክ ላይ ሁለት ነገር ልብ በይ። ማስታወቂያው ለልጅ የማይሆን ነገር ያመጣል። ፐርፌክት ፒያኖን ስትከፍቺ ዳታውን አጥፊው። ሌላው፣ ብሉቱዝ ስፒከር አትጠቀሚ። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚወጣ ልጁ ምቱ ይጠፋበታል። በገመድ የሚሰካ ስፒከር ይሻላል፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ትንሽ ገንዘብ ማውጣት ከቻልሽ ያገለገለ ኪቦርድ ግዢ። ኦርጋን የምንለውን ማለቴ ነው። ስትገዢ ጀርባውን አዙሪው። እንደ ፕሪንተር ያለ አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ያኔ ሲንቴዥያ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነሽ ኖታዎቹ እንደ ዝናብ ከላይ እየወረዱ ልጁ እውነተኛ ቁልፍ ይመታል። ትክክለኛውን እስኪመታ ቆሞ የሚጠብቅበት አሠራር አለው። አይጮኽም፣ አያባርርም። የተወሰኑ ዘፈኖች በነፃ ናቸው፣ ሙሉው በክፍያ ነው። ምንም ዓይነት መገናኛ ቀዳዳ የሌለውን ኪቦርድ አንድ ሻጭ «ገመድ ይሠራለታል» ብሎ ሊያሸክመኝ ነበር። ገመድ አይሠራለትም፤ ትቼው ወጣሁ።

ይሄን ከጻፍኩ በኋላ የመጡ ጥያቄዎችን ልጨምር።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ወንድማችን «ይሄ ሁሉ ለምን? ክራር አትገዛላቸውም?» አለኝ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ገዝቻለሁ። ትልቁ ልጅ ሦስት ወር ጥቁሮቹን ከነካካ በኋላ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በሌላ ከፍታ ይደግማል። ጥቁሮቹ ላይ የለመደ ልጅ አይጠፋውም። ስትገዙ ግን ለጌጥ የተሠራውን ከሚጫወቱበት ለዩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ያምራል፣ ሲቃኝ ግን መቃኛው ይላላል። ክሩን ወጥረህ አንድ ሻይ እስክትጠጣ ጠብቅ። ድምፁ ከወረደ ተወው። ለመቃኘት ስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ አፕ ይረዳል።

«መብራት ሲጠፋስ?» ያላችሁ፣ ስልኩና ክራሩ አለላችሁ። ዊ አብሮ ይጠፋል፣ ሻማው ብቻ ነው የሚቀረው።

አንዲት እናት ደግሞ ልጆቿ የከበሮ አፕ ላይ መንዙማ በመጣ ቁጥር አብረው እንደሚመቱ ጻፈችልኝ። ድቤውን በሁለት አውራ ጣት! አፑን ስሙን ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።

ለጠየቅሽኝ እህት፦ አዲስ አበባ ሰው አትላኪ። ዛሬ ማታ ስልኩን አውጪና በጥቁሮቹ ጀምሪ። ወር ሙሉ ካልሰለቻቸው ኪቦርድ ፈልጊ። ዊ ዘመድ ከላከልሽ እሰየው፣ ራስሽ ፈልገሽ ግን አትግዢ። ደሴ ከመጣሽ የኔን ለቅዳሜና እሁድ አውስሻለሁ። ሴንሰር ባሯ እንደገና ስለጠፋች ሻማ ይዘሽ ነይ።